አራት አባወራ በአንድ ቁም ሳጥን

በደቡብ ጀርመኗ ሊንደንሽቴት ውሸት እንደ ሌላው አገር ዝም ብሎ ከአፍ አምልጦ አይወጣም፤ ወግና ቦታ አለው። እሑድ ረፋዱ ላይ ስብከቱ አልቆ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲበተን፣ ቀናው ሰው ወደ ቤቱ፣ የቀረው ወደ ኢርምትራውድ መጠጥ ቤት ይሄዳል። እዚያ ከምድጃው አጠገብ አንዲት ክብ ጠረጴዛ አለች፤ የውሸታሞች ጠረጴዛ ትባላለች። ተራው የደረሰ ሰው አንድ ወሬ ያወራል፤ ወሬውም ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ውሸት መሆን አለበት። የዚያ አገር ሰዎች፣ ሽቫቦቹ፣ ደንብ ያልወጣለት ቀልድ አያስቃቸውምና ለዚህችም ደንብ አውጥተውላታል። በጠረጴዛዋ ላይ እውነት ሲናገር የተያዘ ሰው ወንበሩን ይለቃል።

ነገሩ ዋዛ አይደለም። የእንስሳት ሐኪሙ አንድ ጥር ላይ በሩን ከፍቶ ገብቶ፣ እጁን እያፋተገ፣ ሳያስበው «ዛሬስ ብርድ ነው» አለ። ውጭ በረዶው ጉልበት ደርሶ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢራውን የሚጠጣው በመስኮቱ ጥግ ብቻውን ነው።

ፈራጇ ባለቤቲቱ ኢርምትራውድ ናት። አባል ሁኚ ሲሏት «እኔ ወጥ የምቀምስ ሰው ነኝ፣ ምላሴን በውሸት አላበላሽም» ትላለች። ፍርዷን የምትሰጠው በእንጨት ማንኪያ ነው፤ ጠረጴዛዋን አንዴ ከመታች «ውሸት ነው፣ ተቀመጥ»፣ ሁለቴ ከመታች «እውነት ነው፣ ተነሥ» ማለት ነው። ይግባኝ የለም።

ከምድጃው ጥግ ያለችው ሞቃቷ ወንበር የኦይገን ራፕ ነበረች። ሚስቱ ከሞተች፣ ልጆቹም ሃምቡርግ ከከተሙ ወዲህ ኦይገን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሚኖረው እሑድን ለመጠበቅ ነው። ሥራው በከተማው የእሳት ዋስትና ድርጅት የማሽን አዳራሽ ውስጥ ነው፤ እዚያ አንዲት ነጥብ ያለ ቦታዋ ከተቀመጠች የግማሽ አውራጃ ቤት ያለ ዋስትና ያድራል። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ በጥንቃቄ ታስሮ የከረመ ምላስ እሑድ ሲፈታ ምን እንደሚያደርግ መገመት ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ደወል የዋጠውን ዓሣ ያወራው እሱ ነው። ዓሣው እየዋኘ በየሰዓቱ ይደውል ነበር፤ ዓሣ አጥማጆቹም ምሳቸውን በእሱ ደወል ሰዓት ይበሉ ነበር አለ።

ግን ምንጭም ይደርቃል። የወይን ለቀማው ሰሞን ኦይገን ያወራው ሁሉ አላስቅ አለ። አንድ እሑድ ተራው ሲደርስማ ራሱ ውስጥ ቢፈልግ ቢፈልግ፣ እንደ ተጠረገ አውድማ ባዶ ሆኖ አገኘው።

«ደረቀ!» አለ ጎትሂልፍ ሽቬንክ። ሽቬንክ የጣራ አናጺ ነው፤ ሰውን ከላይ ወደ ታች ማየት የለመደ፣ ያቺን የምድጃ ጥግ ወንበር ሲመኝ ጢሙ የሸበተ ሰው። «ላሚቷ ነጥፋለች። ከዚህ በኋላ ለሥጋዋ ካልሆነ ምን ትረባለች?»

«ዝም በል አንተ፣ እያሰብኩ ነው።»

«ሰማችሁ? እያሰበ ነው! እውነተኛ ሰው ነው የሚያስብ። ውሸታም ዝም ብሎ ይናገራል።»

ኦይገን ተናደደና አፉን ከፈተ። ምን እንደሚል ሳያውቅ ነበር የከፈተው፤ የወጣውም ሳምንቱን ሙሉ ከፊቱ የሚገተረው ነገር ነው።

«እኛ መሥሪያ ቤት አንድ ጥቁር ቁም ሳጥን አለ» አለ። «የኢርምትራውድን ማቀዝቀዣ ቢበልጥ በአንድ ክንድ ነው። ውስጡ አራት አባወራ ይኖራል።»

ዳቦ ጋጋሪው ኦትማር ብሬትስሉን፣ ያን የተጠማዘዘ ዳቦ፣ ወደ አፉ ሲወስድ እጁ አየር ላይ ቀረ። ኦትማር የሰው ውሸት ሲሰማ እንደ ሕፃን አፉን ይከፍታል፤ የሚወደድበትም ይኸው ነው። «አራት ሰው? እንዴት አድርገው ይተኛሉ?»

«ሰው መች አልኩ? ኮምፒውተር ሁሉ በውስጡ አዛዥ አለው፤ ሥራ የሚያከፋፍል፣ ማኅደር የሚጠብቅ፣ ወረፋ የሚያስይዝ። የተማሩት ስርዓተ ክወና ይሉታል። የልጅህ ኮምፒውተር አንድ አዛዥ ይበቃዋል። የእኛ ቁም ሳጥን ግን ሜይንፍሬም የሚባል የድርጅት ትልቅ ኮምፒውተር ነው። አራት ዓይነት አዛዥ በአንድ ጊዜ ያድርበታል፣ ይውልበታል።»

«ስምም አላቸው?» አለ ሽቬንክ ለማጥመድ።

«የመጀመሪያው ዜድ ኦኤስ ነው፤ ትልቁ ጌታ። ዘሩ ሲቆጠር ሰው ጨረቃን ከመርገጡ በፊት ይጀምራል። ያኔ የተጻፈለትን ትእዛዝ ዛሬም ሳያጉረመርም ይፈጽማል። ጸሐፊዎቹ ሞተው መቃብራቸው ሣር አብቅሏል፤ እሱ ግን ማለዳ ማለዳ 'እሺ ጌቶቼ' እያለ የሟቾቹን ቃል ይጠብቃል።»

«የእኔ ልጅ ትናንት የነገርኩትን አይጠብቅም» አለ ኦትማር።

ጠረጴዛዋ ሳቀች። ኦይገን ሳቋን ሲሰማ ደሙ ሞቀ፤ የለቀማውን ሰሞን ሙሉ ናፍቆት ነበር።

«ሁለተኛው ዜድ ቪኤስኢ ይባላል። እሱ የእኛው ልጅ ነው፣ እዚህ ጎረቤታችን ቤብሊንገን ከተማ ያደገ። ሽቫብ ነዋ! ትልቁ ጌታ ለቁርስ በሚበላው እሱ ወር ይከርምበታል። አወላለዱን ልንገራችሁ? ትልቁ ጌታ ሲሠራ ሲሠራ ዘገየ። ታዲያ እስከዚያው ለጊዜው ትሁን ተብላ ለትንንሾቹ ማሽኖች አንዲት ቀለል ያለች አዛዥ ተሠራች። ለጊዜው! ያቺ ለጊዜው ይኸው ወልዳ ከብዳ፣ የልጅ ልጇ አሁንም ለጊዜው እየሠራ ነው።»

እዚህ ላይ ሽቬንክ ራሱ ሳይወድ በአፍንጫው ሳቀ። እሱ ለጊዜው ብሎ የወተፈው ሸክላ በከተማው ጣራ ሁሉ ላይ ነበር።

«ሦስተኛው ዜድ ቪኤም ነው። እሱ አናጺ ነው ጎትሂልፍ፣ እንዳንተው፤ ግን እንጨት አይነካም። የሌለ ማሽን ነው የሚሠራው። መቶ ሰው መጥቶ ማሽን ስጠኝ ቢለው ለመቶውም ሙሉ ሙሉ ማሽን ያድላል፤ እያንዳንዱም ይሄ የእኔ ብቻ ነው ብሎ ይምላል። ሲፈልግ ደግሞ በሌለው ማሽን ውስጥ ሌላ የሌለ ማሽን ይሠራል፤ በዚያም ውስጥ ሌላ።»

«እንደ ሽንኩርት» አለ ኦትማር።

«እንደ ሽንኩርት፤ አያስለቅስም እንጂ። አራተኛው ሊነክስ ነው፣ የሁሉ ታናሽ። ምልክቱ ፔንግዊን ነው። ሌላ ቦታ በየኮምፒውተሩ ተበትኖ ነው የሚኖረው፤ እዚህ ግን ሦስተኛው አባወራ በሠራለት ክፍል ውስጥ በመንጋ በመንጋ ገብቶ ይውላል። ደግሞ አምስተኛም አለ፣ ዜድ ቲፒኤፍ የሚባል። እሱ እኛ ጋ የለም፤ የአውሮፕላን ወንበር የሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ነው ያለው። 'ወንበር አለ?' ብለህ አፍህን ሳትዘጋ እሱ ለሺህ ሰው መልሶ ጨርሷል።»

ኢርምትራውድ የምስር ሳህን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ቀረች። «አራት አባወራ በአንድ ቤት? እኔ ከአንድ ተከራይ ጋር መስማማት አቃተኝ። አይጣሉም?»

«የመጥረጊያ ሰሌዳ አለቻቸዋ!»

ይህች ሰሌዳ በከተማው ውስጥ ከግብር ሰብሳቢ ይልቅ የምትፈራ ናት። በርህ ላይ ተሰቅላ ካገኘሃት የሳምንቱ ደረጃ ጠራጊ አንተ ነህ፤ ጠርገህ ስትጨርስ ጎረቤትህ በር ላይ ትሰቅላታለህ፤ ጎረቤትህም በመስኮት እያየህ ነው፣ ጥጉን ዘለልከው አልዘለልከው።

«የቁም ሳጥኑ አንጎል ማለት ያቺ ሰሌዳ ናት» አለ ኦይገን። «ከበር ወደ በር ትዞራለች። ታዲያ በሳምንት መሰላችሁ? ዓይን ጨፍኖ እስኪገለጥ አገር ምድሩን ዞራ ትመለሳለች። እነሱ ደግሞ እንደኛ አይሸሿትም፤ ይሻሟታል። ፍጥነቷ ያታለላቸው አራቱም፣ ሰሌዳዋ ከእኔ በር ወርዳ አታውቅም ብለው ያምናሉ። አንዱ አንጎል ቢሞት እንኳ ተጠባባቂ አለው። ሟቹ 'ሰባት ሲደመር' ብሎ ትንፋሹ ቢቆረጥ፣ ተጠባባቂው 'ስምንት' ብሎ ይቀጥላል። ድምሩ ለቅሶ እንኳ አይሰማም።»

ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም መስማት አልቻለም። ኦትማር በሳቅ እንባው ወረደ። ሽቬንክ ጠረጴዛዋን በጡጫ እየደበደበ «ድምሩ ለቅሶ አይሰማም! ወይ ኦይገን፣ አንተ ሰይጣን!» አለ። ኢርምትራውድ ማንኪያዋን አንሥታ አንዴ፣ ግን ብርጭቆዎቹ እስኪዘሉ መታች።

«የዓመቱ ውሸት» አለች።

ኦይገን ቤቱ ሲገባ ግን ባርኔጣውን ሳያወልቅ በሩን ከውስጥ ቆለፈ። አንዲት ቃል እንኳ አልዋሸም ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይሄኛውን ያጠራው ዝናብ ነው። የዋስትና ድርጅቱ ጣራ አፈሰሰ፣ ሽቬንክም ተጠርቶ ወጣ። ሸክላውን ሲነቅል ከሥሩ ባለው መተንፈሻ በኩል የሰው ድምፅ ሰማ፤ የአዳራሹ አለቃ ወይዘሮ ግሜሊን ለእንግዶች ስታስረዳ ነበር። ትልቁ ጌታ፣ ለጊዜው የተወለደው፣ የሌለ ማሽን የሚሠራው፣ ፔንግዊኑ። ሽቬንክ መዶሻውን እንደያዘ በሆዱ ጣራው ላይ ተኛና እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

በሚቀጥለው እሑድ ገና ቢራው ሳይቀዳ ተነሥቶ ቆመ። «ክስ አለኝ።»

«በማን ላይ?» አለች ኢርምትራውድ።

«በኦይገን ራፕ። እዚህች ጠረጴዛ ላይ፣ በሁላችን ፊት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ እውነት ተናግሯል!»

የአንዱ ሹካ ወደቀ። ኦትማር ወንበሩን ከኦይገን ትንሽ ራቅ አደረገ፣ እንዳይጋባበት።

«እኔ?» አለ ኦይገን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «እውነት? እናቴ ጡት ስታስጥለኝ ያስጣለችኝ እሱን ነው!»

«ቁም ሳጥኑ አለ፣ አራቱም አባወራ አሉ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ምስክር አመጣለሁ።»

«ምስክር አልቀበልም» አለች ኢርምትራውድ። «በዚህ ከተማ ግማሹ ሰው የእናንተ ተማሪ ነው። በዓይኔ ነው የማየው። ቅዳሜ ድርጅቱ በሩን ለሕዝብ የሚከፍትበት ቀን አይደል? ሁላችንም እንሄዳለን። ካየሁ ኦይገን ይነሣል፤ ካላየሁ አንተ ሽቬንክ ሰውን ያለ ጥፋቱ ከሰሃልና አንተ ትነሣለህ።»

ሽቬንክ ይህን አላሰበውም ነበር፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ሰኞ ማለዳ ኦይገን ወይዘሮ ግሜሊንን ሄዶ ለመናት። ጠባብ ፊት፣ ወፍራም መነጽር ያላት፣ ስትቆጣ ድምፅዋን ዝቅ የምታደርግ ሴት ናት።

«እኔ በሥራዬ ላይ አልዋሽም፣ አቶ ራፕ።»

«አይዋሹ። ዝም ይበሉልኝ ብቻ። ሰዎቹ መጥተው ቁም ሳጥን ያያሉ፣ ቁም ሳጥን ነው እላቸዋለሁ፣ ይሄዳሉ።»

«ማለትም እርስዎ ይህን ማሽን ሊክዱት ነው?»

«ለአንድ ቅዳሜ።»

«ጴጥሮስም ለአንድ ሌሊት ነበር» አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች። ኦይገን እሺታ ይሁን እምቢታ ሳይገባው ወጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጠረጴዛዋ በሙሉ የእሑድ ልብሷን ለብሳ መጣች። ኢርምትራውድ ማንኪያዋን በቦርሳዋ ይዛለች። አዳራሹ ቀዝቃዛና ንጹሕ ነበር፤ መካከሉ ላይ ጥቁሩ ቁም ሳጥን በሩን ዘግቶ ቆሟል፤ አንዲት አረንጓዴ መብራት ብቻ በርታለች። ከእሱ ራቅ ብሎ የመሞከሪያ ስክሪኖች የተደረደሩበት ጠረጴዛ አለ። ወይዘሮ ግሜሊን ጥግ ላይ እጇን አጣጥፋ ቆማለች።

«ይኸው» አለ ኦይገን። «ቁም ሳጥን።»

ኦትማር ጆሮውን ለጠፈበት። «ይተነፍሳል!»

«ማራገቢያ ነው።»

«አባወራዎቹስ?»

«ምን አባወራ አለ? ውሸት ነው አልኳችሁ እኮ። አንድ ብረት ነው። ቁጥር ይገባል፣ ቁጥር ይወጣል። እንዲያውም ሰነፍ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ይተኛል።»

ይህን ሲል ምላሱ ላይ መራራ ነገር ተሰማው። ስንት ሺህ ውሸት ያለ ጨው የዋጠ ሰው፣ ይቺን አንዲቷን መዋጥ አቃተው። ዓይኑን ከአረንጓዴዋ መብራት አሸሸ።

ኢርምትራውድ ቁም ሳጥኑን ዞረችው፣ ጎንበስ ብላ ከሥሩ አየች። «እኔ አባወራ አልታየኝም» አለችና ቦርሳዋን ከፈተች። ሽቬንክ ማንኪያዋ ስትወጣ ባየ ጊዜ ላብ አጠመቀው። ግን ጣራ ላይ ያረጀ ሰው የሚወድቅበትን አቅጣጫ መምረጥ ያውቃል። ኦይገንን ፊት ለፊት አየውና ፈገግ አለ።

«ተሸነፍኩ» አለ። «ኦይገን ልክ ነው፣ ብረት ነው። ብረት እንኳ ጥሩ ነው፤ እኔ እንደማየው አሮጌ ቆርቆሮ ነው።»

ኦይገን የቁም ሳጥኑን በር በእጅጌው ጠረገ።

«በሩ ሰፊ ነው። ኢርምትራውድ የጠረጴዛ ልብሶቿን ታጥፍበት።»

የኦይገን ጆሮ መቅላት ጀመረ።

«ሰው እዚህ ዕድሜውን ጨረሰ ሲሉኝ ትልቅ ነገር የሚጠብቅ መስሎኝ ነበር። የሚያንቀላፋ ሣጥን ሲጠብቅ! ኧረ የእህቴ ልጅ ስልክ ከዚህ ይሻላል። ይሄ ቢበላሽ ምን ያደርጉታል? እሷ ስልኳ ሲበላሽባት አጥፍታ ነው የምታበራው። ይሄንንም አጥፉና አብሩት፣ ይነቃ እንደሆነ!»

«አጥፉና...?» አለ ኦይገን።

«አጥፉና አብሩት።»

«አጥፉና አብሩት! ይሄንን!» ድምፁ የራሱ አልመስል አለው። «አንተ የሸክላ ውታፊ! በዚህ አውራጃ ጣራ ያለው ሰው ሁሉ ቤቴ ቢቃጠል ብሎ ሳይሰጋ የሚተኛው ይሄ ስለማይተኛ ነው! ሆዱ ተከፍቶ ዕቃው ሲቀየርለት እንኳ ሥራውን አያቋርጥም! አንተ ጥርስህን ስትነቀል ትደምራለህ? ይደምራል እሱ! ወይዘሮ ግሜሊን!»

ወይዘሮ ግሜሊን መነጽሯን አስተካከለች። «በቁም ሳጥኑ ውስጥ ያለው የመሞከሪያ ክፍል ነፃ ነው፣ አቶ ራፕ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ፤ ግን ስትቆጣ የምታወጣው ድምፅ አልነበረም።

ኦይገን ሁሉንም በየስክሪኑ ፊት አስቀመጣቸው፤ እሱ ራሱ ከጎን ተቀምጦ ጥቂት መስመር ጻፈ። «ሦስተኛውን አባወራ ማሽን እየለመንኩላችሁ ነው» አለ። ተናግሮ ሳይጨርስ ስክሪኖቹ በሙሉ በሩ።

«ኦትማር፣ ምን አለህ?»

ኦትማር ጣቱን እያስከተለ አነበበ። «ማሽን አለህ ይላል። አንጎል አለው፣ ማስቀመጫ አለው። ሙሉ ነው። ሌላ ሰው አለበት አይልም።»

«ኢርምትራውድ?»

«የእኔም ሙሉ ነው። ግን እኮ ቁም ሳጥኑ አንድ ነው!»

«ጎትሂልፍ?»

ሽቬንክ ስክሪኑን በክንዱ ከልሎ ነበር፣ ጎረቤት እንዳያይበት። «የእኔ ነው። የእኔ ብቻ።»

«እንግዲያው የራስህ ከሆነ ግደለው። አጥፉና አብሩት አይደል ያልከው? አጥፋው!» ኦይገን የሞት ትእዛዙን በጆሮው ነገረው። ሽቬንክ ሚስማር እንደሚመታ ሰው አንድ በአንድ ቀጠቀጠው። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ።

ሁሉም ወደ ቁም ሳጥኑ ዞሩ። አረንጓዴዋ መብራት ቅንድቧን አላነሣችም። የኦትማር ማሽን ሥራዋን አላቋረጠችም፤ የኢርምትራውድም እንዲሁ። በዚያው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከመሞከሪያው ክፍል ወዲያ፣ ትልቁ ጌታ የአውራጃውን ጣራ ሁሉ እያሰላ፣ አጠገቡ ማን እንደሞተ አልጠየቀም።

«ገደልኩት» አለ ሽቬንክ ቀስ ብሎ። «ጎረቤት እንኳ አልሰማም።»

ኦይገን እንደገና ጻፈ፤ የሽቬንክ ማሽን ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነሣ። ከዚያ በኦትማር ማሽን ውስጥ ሌላ ማሽን ሠራ፣ በዚያች ውስጥ ደግሞ አንድ ሊነክስ አስገባ። ኦትማር ቆሞ «ወለደች! የእኔዋ ወለደች!» እያለ ጮኸ። ወይዘሮ ግሜሊን ጀርባዋን ሰጠቻቸው፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እሺ» አለች ኢርምትራውድ፣ «ሁሉም የእኔ ብቻ ነው ይላል። ማነው ትክክል?»

«ማንም» አለ ኦይገን። «ሦስተኛው አባወራ ነው የዋሻችሁ። ለእያንዳንዳችሁ ማሽኑ የአንተ ብቻ ነው ይላል፤ ውሸቱ ግን አንዲት ስንጥቅ የለባትም፤ ልትኖርባት ትችላለህ። ሥራ ትሠራበታለህ፣ ልጅ ትወልድበታለህ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ዋሽቼ እንደዚህ ያለ ውሸት አንድ ቀን አልሆነልኝም።»

ይህን ያለው ዓይኑን ከቁም ሳጥኑ ላይ ሳያነሣ ነው። ምን እንዳደረገ የገባው ዘወር ሲል ነበር። ኢርምትራውድ ማንኪያዋን ይዛ ቆማለች። ቢቻላት ባልመታች፤ ግን ፈራጅ ናት። ሁለቴ መታች፣ በስሱ።

እሑድ ረፋዱ ላይ ኦይገን መጠጥ ቤቱ ገብቶ፣ የምድጃውን ጥግ ሳያይ፣ ወደ መቅጃው ባንኮኒ ሄዶ ቆመ። የእንስሳት ሐኪሙ ከመስኮቱ ጥግ ብርጭቆውን አንሥቶ በወንድማማች ዓይን ሰላም አለው። ኦይገን ቢራውን ይዞ ምን እንደሚያደርገው አላወቀም፤ እሑድ ከእጁ ወጥታ ቀኑ ሁሉ ሰኞ ሆነበት።

ሽቬንክ ሱሪውን ሳብ አድርጎ ወደ ሞቃቷ ወንበር ሲራመድ ኢርምትራውድ አንድ ሙሉ ቢራ አምጥታ ከወንበሯ ፊት አስቀመጠች።

«አመሰግናለሁ» አለ።

«ያንተ አይደለም። ወንበሩ ባለቤት አለው።»

«ማን?»

«ትናንት በአንድ አፍ ለሁላችሁም የዋሸው ማነው? ሁላችሁም አላመናችሁትም? አንተ ጎትሂልፍ በክንድህ አልከለልከውም? ሦስተኛው አባወራ ነው ከዛሬ ጀምሮ እዚህ የሚቀመጥ።»

ሽቬንክ ወደ አሮጌ ቦታው ተመልሶ ተቀመጠና ተራው ስለነበር ጀመረ። «ባለፈው ጣራ ላይ ሳለሁ አንዲት ድመት...» አለና ቆመ። ኦትማር ደግሞ «የእኔዋ ማሽን ውስጧ...» ብሎ አፉን በእጁ ያዘ፤ እውነት ነበር። ሁሉም አፋቸው ላይ አንድ ወሬ ነበራቸው፤ ያ ወሬ ደግሞ በዚህች ጠረጴዛ ላይ አይወራም። ምስሩ ቀዘቀዘ፤ ሽፔትስሉ፣ የእንቁላል ፓስታው፣ ተጣበቀ። ባዶዋ ወንበር ፊት ያለው ቢራ አረፋው እየወረደ ሄደ።

ሽቬንክ አረፋውን ሲያይ ቆየ። ሽቫብ ቢራ ሲበላሽ አይቶ ዝም የሚልበት አንጀት የለውም።

«ኦይገን!» አለ ሳይዞር።

«ምን?»

«ቢራው እየሞተ ነው።»

«የእኔ አይደለም።»

«የባለቤቱማ ነው፤ አፍ የለውም እንጂ። አንተ ጠባቂው አይደለህም? ጌታው በሌለበት የሚጠጣለት ማን ነው?»

ኦይገን ኢርምትራውድን አየ። ኢርምትራውድ ወጥ ልታማስል ዞር ብላ ነበር፤ ድስቱ ደግሞ እሳት ላይ አልነበረም። ቀስ ብሎ መጥቶ ተቀመጠ። ወንበሯ እንደ ድሮዋ ሞቃት ናት።

«የእኔ ጥያቄ አንዲት ናት» አለ ሽቬንክ ጎንበስ ብሎ፣ ድምፁን እንደ ንስሐ አድርጎ። «ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም። ያ የገደልኩት ማሽን... መጀመሪያውኑ ካልነበረ፣ ሲሞት የት ሄደ?»

ኦትማር ወንበሩን አስጠጋ። የእንስሳት ሐኪሙ ሳይቀር ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ መጣ።

ኦይገን ጢሙ ላይ የቀረውን አረፋ ጠረገ። በዚህች ወንበር ላይ በራሱ ስም ለመጣ ሰው ውሸት ግዴታ ነው፤ ለሌላው ወኪል ሆኖ ለመጣ ሰው ግን ምን እንደሚፈቀድ ማንም ደንብ አላወጣም። ቢያስብ ቢያስብ የሚከለክለው ደንብ ስላላገኘ፣ ከእውነቱ ጀመረ።